በረዶው ላይ ከወደቅኩ በኋላ

ማርች 1፣ እሁድ

ብርዱ ዘንድሮ አልለቅ ብሏል። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ቀኑ ሞቅ ካላለ ከሜፕል ዛፍ ጠብታ አይወርድም፤ ቆሞ መጠበቅ ነው። እኔና ሬያል ቧንቧዎቹን ሁሉ ዛፎቹ ላይ ሰክተን ጨርሰናል። እንጨቱ ተፈልጧል፣ ውሃው የሚጠራቀምበት ታንከርና መቀቀያው ገንዳ ታጥበዋል።

ወንድሜ ኤድሰን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ ወዲህ የዛፉን ውሃ ቀቅለን ጣፋጭ ሽሮፕ የምናወጣበትን ስኳር ቤት ከእኔ ጋር የሚሠራው ጎረቤቴ ሬያል ጋኞን ነው። እናቱ ከኩቤክ የመጣች ናት፤ እሱ ግን ከዚህ ኮረብታ ርቆ አያውቅም። ደህና ሠራተኛ ነው። ወሬው ይበዛል።

እኔ ሰባ አንድ ሞልቶኛል። ልብህ ምቷን ትስታለች ብለው የደም ማቅጠኛ ክኒን ሰጥተውኛል። ከዚያ ሌላ ምንም የለብኝም። መሰላል ላይ ከሬያል ቀድሜ የምወጣው እኔ ነኝ፤ እሱ ደግሞ በዕድሜ ብዙ ያንሰኛል።

ማርች 2፣ ሰኞ

ወደቅኩ። ስኳር ቤቱ ደጃፍ ላይ። ጭንቅላቴን የታንከሩ ጠርዝ መታኝ። ሚስቴ ኦርፋ ሆስፒታል ካልሄድን ብላ ፒክአፑን አስነስታ ጥሩምባ እየነፋች ነው። ምንም አልሆንኩም።

ማርች 4፣ ረቡዕ

ቤት ገባሁ። አሁን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከጣሪያው የቀለጠው በረዶ ደጃፉ ላይ ተንጠባጥቦ መልሶ መስተዋት ሆኖ ነበር። አይቼዋለሁ። አመድ ልበትንበት እያልኩ ነው ያሳደርኩት። እንጨት ታቅፌ ስሻገር እግሬ ከዳኝና ወደ ኋላ ሄድኩ። ከማጅራቴ ከፍ ብሎ ታንከሩ ተቀበለኝ። ራሴን አልሳትኩም። ሬያል ግን ዓይንህ ተከፍቶ ስጠራህ አልመለስክልኝም ይላል። ሬያል ማጋነን ይወዳል።

ድንገተኛ ክፍል ሲቲ ስካን አነሱኝ፤ ንጹሕ ነው አሉ። የደም ማቅጠኛ እንደምወስድ ኦርፋ ስትነግራቸው አሳደሩኝና በማግሥቱ ደግመው አነሱኝ፤ አሁንም ንጹሕ። እኔ ጫማዬን ማሰር ጀምሬያለሁ። ሐኪሟ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዶክተር ሲንግልተን ትባላለች፤ የልጄ የሎረል እኩያ ትሆናለች።

«አቶ ፔትንጊል፣ ዛሬ ደም የለም ማለት የዛሬ ሦስት ሳምንት አይኖርም ማለት አይደለም» አለችኝ። «በእርስዎ ዕድሜና በዚህ መድኃኒት ላይ፣ ቀስ ብሎ የሚያዣ ደም ያጋጥማል። ተጠራቅሞ አንጎልን እስኪጫን ጊዜ ይወስዳል።»

ከዚያ ወደ ኦርፋ ዞራ የሚጠበቀውን ሁሉ ነገረቻት። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ ሲሄዱ መንገዳገድ፣ የቃል መጥፋት፣ ግራ መጋባት። ባለቤትዎ ራሳቸው ላያውቁት ይችላሉ፣ የሚያውቀው አጠገባቸው ያለ ሰው ነው አለቻት። እኔ እዚያው ተቀምጬ! ክኒኑን ለጥቂት ቀን አቁሜ እንድመለስበት፣ መሰላል እንዳልወጣ፣ መኪና እንዳልነዳ ታዘዝኩ።

በዚህ መሐል የመንደሩ ዓመታዊ ስብሰባ አመለጠኝ። ስለ ድልድዩ የምናገረው ነበረኝ። የማይረባ ነገር ወስነው ይሆናል።

ኦርፋ ጡረታ እስክትወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ልጅ በአንዲት መስተዋት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። አሁን በዚያው ዓይኗ እኔን ታየኛለች። ወጥ ስታማስል እንኳ ጀርባዋ የሚያየኝ ይመስለኛል።

ማርች 6፣ ዓርብ

ጠዋት ጠዋት ፈተና አለብኝ። ቀኑ ምንድን ነው፣ ሎረል የት ነው የምትኖረው፣ እጅህን ዘርጋ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ጣቶቼን ጨብጥ።

«ፈገግ በል» አለችኝ ዛሬ።

«የሚያስቅ ነገር ሲገኝ።»

«ሃርላን፣ ጥርስህን አሳየኝ አልኩህ።»

አሳየኋት። ግራና ቀኙን እንደ ፈረስ ገዢ አየችና «ሁለቱም ወገን እኩል አስቀያሚ ነው፣ ደህና ነህ» ብላ ዶናት ሰጠችኝ።

እብጠቱ ጎድሏል። ራሴን አያመኝም።

ማርች 9፣ ሰኞ

መጣ። ቀትር ላይ የደቡቡ ተዳፋት መንጠባጠብ ጀመረ፤ ማታ ታንከሩ እስከ ወገቡ ሞልቷል። እሳት አነደድን። የመጀመሪያው ሽሮፕ እንደ ገለባ የነጣ፣ ጣዕሙ የቫኒላ ያህል የለሰለሰ። ሬያል በማንኪያ ቀምሶ ዝም አለ። እሱን ዝም የሚያሰኝ ይሄ ብቻ ነው።

ኦርፋ ስኳር ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሥራ የያዘች ለመምሰል ባዶ ባልዲ ይዛለች።

ማርች 10፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ቀቀልን። ደክሞኛል፣ ደስ ብሎኛል። ሬያል አረፋው ሲነሳ ቅቤ ጠብ ማድረግ ረስቶ ሊገነፍልበት ነበር፤ በሌላኛው ጥግ ሆኜ ሰማሁት። አዎ፣ ሰማሁት። አረፋ ሊገነፍል ሲል ድምፁ ይለወጣል። ይሄ ጆሮ ያለው ጭንቅላት ነው እንግዲህ የሚጠበቀው።

ማርች 14፣ ቅዳሜ

ኦርፋ ከሎረል ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም፣ ቦት ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር።

«እስካሁን ደህና ነው» ትላለች። «እስካሁን ማለት ግን ምን ማለት ነው? አንድ ቀን ጥሩ ሆኖ አየዋለሁ፣ ማግሥቱን ደግሞ የማየው እሱን ይሁን ፍርሃቴን አላውቅም።» ከዚያ የሎረልን መልስ ሰማች። «አይ፣ አትምጪ። ከመጣሽ የሞተ ይመስለዋል።»

ሎረል ቦስተን ነው የምትሠራው። ልክ ነው፣ አትምጣ። ምሳ ላይ ለኦርፋ የስልክ ወሬሽን ሰምቻለሁ፣ ሁሉም ነገር በቁጥጥሬ ሥር ነው አልኳት። «ባቄላውን አቀብለኝ» አለችኝ።

ማርች 17፣ ማክሰኞ

ክኒኑን መልሼ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። መቆጣጠሪያ ቀጠሮ ሄድን። በጣቴ አፍንጫዬን አስነኩኝ፣ መስመር ላይ አስኬዱኝ። ሁሉንም አለፍኩ። ሐኪሟ ጥሩ ነው፣ ጥበቃው ግን ይቀጥል አለች። ኦርፋ መኪና ውስጥ ትንሽ ዘፈነች። ይህን ያህል ተጨንቃ እንደነበር አላወቅኩም።

ማርች 20፣ ዓርብ

እንደገና ቅዝቃዜ። ዛፎቹ ተዘጉ። ሬያል ካርታ ሊጫወት መጣ፤ አሸነፍኩት። ራሴን ትንሽ አሞኝ ነበር፣ ግንባሬ አካባቢ። የእንፋሎቱና የጭሱ ነው። በዚህ ወቅት ራሱን የማያመው ስኳር ቀቃይ አይቼ አላውቅም።

ለኦርፋ አልነገርኳትም። ሁለት አስፕሪን ልውጥ ብዬ ከደም ማቅጠኛው ጋር እንደማይሄድ ትዝ አለኝ። ይኸው፣ ትዝ አለኝ። አእምሮዬ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ማርች 23፣ ሰኞ

አዲሱ ቦት ጫማ አልተስማማኝም። የግራው ከቀኙ ይከብዳል። ዛሬ ወደ ስኳር ቤቱ ስወርድ ደጋግሞ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። ኦርፋ በመስኮት አይታኝ ኖሮ ለምን አጥሩን ታቅፈህ ትሄዳለህ አለችኝ። ጫማውን አሳየኋት። አገላብጣ አየችው። «ባለፈው ዓመት የገዛሁልህ ነው እኮ» አለች። እንግዲህ ባለፈው ዓመትም አዲስ ነበር።

ማርች 25፣ ረቡዕ

ኦርፋ ቤተ ክርስቲያን የፋሲካ አበባ ልታዘጋጅ በጎረቤት መኪና ሄደች። ፒክአፑን ይዤ እንጨት ላመጣ ወጣሁ፣ እስከ መታጠፊያው ብቻ። የፖስታ ሳጥናችን ተሰብሯል። መንገዱ ውስጥ ገብቶ ነበር የተተከለው፤ ኤድሰን ያኔ ሲተክለው ነግሬው ነበር። በረዶ ጠራጊው መኪና ነው የሰበረው አልኳት። ከበረዶ ጠራጊው ጋር ሌላ ጊዜ ሒሳባችንን እናወራርዳለን፤ እሱም ያለጥፋቱ አይደለም፣ ስንት ጊዜ አጥሬን ገጭቷል።

ማርች 27፣ ዓርብ

ስለ ጠዋቱ ፈተና አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ኦርፋ ከመነሳቷ በፊት ወጥ ቤት ገብቼ የቀን መቁጠሪያውን አያለሁ። ከዚያ ስትጠይቀኝ ቀኑን ብቻ ሳይሆን የጨረቃዋን ሁኔታ ጨምሬ እነግራታለሁ። ትስቃለች። ጣቶቿን ስጨብጥ ደግሞ በቀኜ ጠበቅ፣ በግራዬም ትከሻዬን ጨምሬ ጠበቅ። ማታለል አይደለም። ሰው ለፈተና ሲቀመጥ ይዘጋጃል፤ እኔም ተዘጋጀሁ።

የግራ እጄ ብርድ ይዞታል። ሁለት ኩባያ ከእጄ አመለጠኝ። ጓንት ሳደርግ ይሻላል፣ ቤት ውስጥም።

ማታ ከሬያል ጋር ካርታ። ነጥብ ስቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሬያል አየ። አሸነፍክ አለኝ። በእርግጥ አሸንፌያለሁ። ሲወጣ ግን በረንዳ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር። ለማጨስ ይሆናል። ማጨስ ካቆመ ስንት ዓመቱ ነው?

ማርች 30፣ ሰኞ

መጥፎ ቀን። ለራሴ በትክክል ልጻፈው።

ውሃው እየጎረፈ ነው፣ የወቅቱ ትልቁ ፍሰት። ሬያል ሁለተኛውን ታንከር ሊያመጣ በትራክተር ወደ ላይኛው ጫካ ሄደ። እኔ እሳቱን ያዝኩ። ከታንከሩ ወደ ገንዳው የሚያስገባው መክፈቻ ተዘግቶ ኖሯል። ማን እንደዘጋው አልታወቀም። አፍታ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ከተነሳሁ በኋላ እሳቱ ውስጥ ወለሉን እያየሁ፣ ወለሉ መጠገን አለበት፣ ጣውላው በስብሷል። ሬያል ሲገባ ገንዳው ደርቆ አሯል። በባልዲ በረዶ እያመጣ ገለበጠበት። ጭሱ ዓይን አያሳይም። የገንዳው ሆድ ተጣሟል።

አርባ ዓመት ስቀቅል ገንዳ አሳርሬ አላውቅም። ኤድሰን አንዴ አሳርሯል፤ እስኪሞት ስቄበታለሁ።

ሬያል ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ተቀመጠ። ላቡን ሳይጠርግ አየኝ።

«ለኦርፋ እንዳትነግራት» አልኩት።

«ሃርላን፣ ይሄ እኮ ስለ ገንዳ አይደለም።»

«ገንዳው የእኔ ነው፣ ሚስቴም የእኔ ናት። ራሴ እነግራታለሁ። ቃልህን ስጠኝ።»

ብዙ ቆይቶ ሰጠኝ። ጥሩ ሰው ነው ሬያል። መለዋወጫውን ገንዳ ገጥመን ሥራ ቀጠልን፤ የቀጠለው እሱ ነው፣ እኔ ራሴን አሞኝ ነበር። ከጭሱ ነው።

ማርች 31፣ ማክሰኞ

ጠዋት አስመለሰኝ። ደጅ ወጥቼ፣ ከጎተራው ጀርባ። የትናንቱ ጭስ። ተኛሁ። ቀን ተኛሁ።

ኤፕሪል 1፣ ረቡዕ

መጣ። ቀትር ላይ የደቡቡ ተዳፋት መንጠባጠብ ጀመረ። የመጀመሪያው ሽሮፕ ነው የዘንድሮ፣ እንደ ገለባ የነጣ። ሬያል ቀምሶ ዝም አለ።

ኦርፋ ይህን ነገርከኝ እኮ አለች። መቼ ነገርኳት? ዛሬ እኮ ነው።

እንቅልፍ።

ኤፕሪል 2፣ ሐሙስ

ትራክተሩን ኤድሰን ወስዶታል፣ ገና አልመጣም። ሲጨልም መብራት አያበራም እሱ። ልጠብቀው ብዬ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ኦርፋ ማንን ነው የምትጠብቀው አለችኝ። ነገርኳት። አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች፣ የግራውን፣ ጓንቱን አወለቀችው። ጨብጠኝ አለች። እየጨበጥኩሽ ነው አልኳት። እየጨበጥኩ ነበር።

ከዚያ ሬያል መጣ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእሷ ጋር ወጥ ቤት ገባ። ሁሉንም ነገራት። ሰማሁ፣ ገንዳ ሲል ሰማሁ። ቃሉን ሰጥቶኝ። ከእንግዲህ ጎረቤት የለኝም። ኦርፋ ካፖርቴን ይዛ መጣች፣ አልቆልፍልኝ ያለኝን ቁልፍ እሷ ትቆልፍ

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

ሆስፒታል ነኝ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ትልቁ። እርሳሱን ነርሷ ሰጠችኝ።

ጭንቅላቴ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። ስለዚህ ነገር መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው ብል ማን ያምነኛል? ሬያል አንድም የለውም።

የሆነውን ኦርፋና የቀዶ ጥገናው ሐኪም እየተቀባበሉ ነገሩኝ፤ እኔ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። በዚያች ሐሙስ ማታ ኦርፋ ፒክአፑን እየነዳች፣ ሬያል እኔን ከኋላ ደግፎ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል አደረሱኝ። ሲቲ ስካኑ ላይ በቀኝ በኩል፣ በአጥንቱና በአንጎሉ መሐል፣ የጣት ውፍረት ያለው ደም ተጋድሟል። ከዚያ በአምቡላንስ እዚህ አመጡኝ። የማቅጠኛውን ኃይል የሚያከሽፍ መድኃኒት ሰጡኝና ዓርብ ጠዋት አጥንቱን በስተው አፈሰሱት። ሐኪሙ ደሙ እንደ ሞተር ዘይት ጠቁሮ ነበር አለኝ፤ አሮጌ ደም፣ ከወደቅኩ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲያዣ የቆየ። በቀኝ ስለተጫነ ነው ግራዬን ያደከመው።

ቦት ጫማው ምንም አልነበረበትም።

ሎረል አልጋዬ አጠገብ ነበረች፣ ስነቃ። ጣቶቼን ጨብጥ አለችኝና በግራ እጄ ጨበጥኳት። «ኧረ አባዬ፣ አመመኝ» አለችኝ እያለቀሰች። በሕይወቴ ልጄን አሳምሜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐኪሙን ሁለት ቀን ዘግይተን ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኩት። ደህና ሰው ነው፣ ዓይኔን እያየ መለሰልኝ። «አንነጋገርም ነበር» አለኝ።

ኤፕሪል 12፣ እሁድ

ቤት። ፋሲካ ሆስፒታል አልፎኛል። ኦርፋ የፋሲካውን የአሳማ ጥብስ አቆይታ ዛሬ አቀረበችልኝ።

ከምሳ በኋላ አንድ ነገር አደረግኩ። ኦርፋ ሳህን ስታጥብ ቆየችና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «በየቀኑ እያየሁህ እንዴት አለፈኝ?» አለች። ድምፅዋ የእሷ አልነበረም። «በመስተዋት አንድ ልጅ ጉሮሮው ሲታነቅ አይቼ አውቶቡስ ያቆምኩ ሰው ነኝ። አንተን ከፊቴ አስቀምጬ አለፈኝ።»

አላለፋትም። ስለ ጫማው ጠይቃለች፣ ስለ ኩባያው ጠይቃለች፣ ሐኪም ጋ እንድንደውል ሁለት ጊዜ ለምናለች። ስለዚህ ነገርኳት። የቀን መቁጠሪያውን፣ ትከሻዬን አግዤ መጨበጤን፣ ጓንቱን፣ ከጎተራው ጀርባ ማስመለሴን። የፖስታ ሳጥኑንም። ውሃው እየፈሰሰ ዞረችና አየችኝ።

«የጨረቃዋንም?» አለች።

«የጨረቃዋንም።»

ቧንቧውን ዘጋች። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። «እኔ እኮ በጨረቃዋ ነበር የምጽናናው» አለች። «ጨረቃን የሚያውቅ ሰው ጤነኛ ነው እያልኩ ነበር የምውለው።»

ከዚያ ወጥታ ሄደች። ወደ ዛፎቹ። እስክትመለስ ድረስ የተረፈውን ጥብስ ፊቴ አስቀምጬ አልነካሁትም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ወደፊት ራስህን ካመመህ አመመኝ ትላለህ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አለችኝ። እሺ አልኩ። ለማንም ሰው እሺ ስል በቀላሉ አይደለም፤ ይህን ግን ከልቤ ነው ያልኩት።

ኤፕሪል 13፣ ሰኞ

ወቅቱ አልቋል። እምቡጥ ወጥቷል፤ ውሃው ከዚህ በኋላ የቅጠል ጣዕም ይይዛል። እኔ በሌለሁበት የመጨረሻውን ፍሰት ሬያልና ጎረቤቶቹ ቀቅለውታል። ሽሮፑ ጓዳ ውስጥ ተደርድሯል፣ ጥቁርና ወፍራም። ቀመስኩት። ከእኔ ሥራ የሚያንስበትን ፈለግኩ። አላገኘሁም፤ ነገ ደግሜ እፈልጋለሁ።

ሬያል ግን ብቅ አላለም። ሎረል ደውላለት ኖሮ፣ ሃርላን ሊያየኝ አይፈልግም ብሏታል። ያን ማታ ስሄድ የሰደብኩት ብዙ ነው አሉኝ። የቀረኝ ቁጣው ብቻ ነው፣ ስድቡን አላስታውሰውም።

ኤፕሪል 15፣ ረቡዕ

ራሴ ሄድኩ። ኦርፋ እየነዳች፣ እኔ እንደ ተሳፋሪ ልጅ ከጎኗ። ሬያል ጎተራው ውስጥ የተጣመመውን ገንዳዬን በመዶሻ እያቃና ነበር። መጥቶ ወስዶት ኖሯል። ሲያየኝ መዶሻውን አስቀመጠ። ኦርፋ ሚስቱ ጋ ገባች።

ቃልህን ስላፈረስክ ላመሰግንህ ነው የመጣሁት አልኩት። ያዘጋጀሁት ንግግር ረዘም ያለ ነበር፤ ከዚህ አላለፈም።

ሬያል ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። «አታመስግነኝ» አለ። «ሰኞ ያየሁትን ሐሙስ ነው የተናገርኩት። ቃል ሰጥቻለሁ እያልኩ። ሚስቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ እንኳ ጥርሴን አመመኝ ነው ያልኳት። አንተ ብትሞት ኖሮ ቃሌን ጠብቄ ነበር የምቀብርህ።»

ገንዳ ስላረረ ብቻ ሰው ይሞታል ብሎ ማን ያስባል አልኩት፣ ላቀልለት ብዬ።

«ገንዳው ብቻ አይደለም» አለ። «ለኦርፋም ይህን አልነገርኳትም። ያን ዕለት ስገባ ጭሱ መሐል ቆመህ ነበር፣ ፊትህን ወደ እሳቱ አድርገህ። ሃርላን፣ አሯል እኮ አልኩህ። ዞረህ አየኸኝ። በትሕትና። ‹ጌታዬ፣ እርስዎ ማን ነዎት? ምን ልርዳዎት?› አልከኝ።»

ሌላ ባልዲ ገልብጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ስንት ዓመት ስትሰድበኝ ኖረህ» አለ ሬያል፣ «አንድ ቀን እንኳ አክብረኸኝ አታውቅም። እርስዎ ስትለኝ ባልዲውን ይዤ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ከዚያ በረዶ አምጥቼ ስመለስ ደግሞ አንተ ራስህ ነበርክ፤ አንተ ደደብ ቶሎ በል ብለህ ጮህክብኝ። ተመለሰ፣ አለፈ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።»

አላስታውሰውም። ቤት ስገባ የዚያን ቀን የጻፍኩትን ገልጬ አየሁ። ስለ መክፈቻው አለ፣ ስለ ጣውላው አለ። ‹ለራሴ በትክክል ልጻፈው› ብዬ ነው የጀመርኩት። ሬያልን እርስዎ ያልኩበት ቦታ የለም። ያን ሁሉ ሳምንት ራሴን የማውቀው እኔ ነኝ እያልኩ ነበር፤ ለካ እኔ በሌለሁበት ሬያል ብቻውን ቆሞ ያየኝ ሰዓት ነበር።

ጎተራው ውስጥ ግን ያልኩት ሌላ ነው። «ሁለተኛ እርስዎ ብዬ ከጠራሁህ፣ በትከሻህ ተሸክመህ ሆስፒታል ውሰደኝ» አልኩት።

«ከባድ ነህ» አለ። «ኦርፋን ነው የምጠራት።»

መዶሻውን አነሳ። እኔ ገንዳውን ያዝኩለት፣ በሁለት እጄ።

ኤፕሪል 18፣ ቅዳሜ

ትናንት ሲቲ ስካን ነበረኝ። የቀረው ትንሽ ነው፣ እየተመጠጠ ነው። የደም ማቅጠኛው መቼ እንደሚመለስ የልብና የአንጎል ሐኪሞቹ ተነጋግረው ይወስናሉ። እንደገና ሊያዣ እንደሚችል ነግረውኛል፤ ጥበቃው አላለቀም። እኔም ከጠባቂዎቹ አንዱ ሆኛለሁ፣ ከሁሉም የሚሻለው ባልሆንም።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይዋ ወጥ ቤቱን ሞልታ ኦርፋ አልተነሳችም። ደንግጬ ልጠራት ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ። አፏን ትንሽ ከፍታ፣ አንድ ክንዷን በእኔ ትራስ ላይ ጥላ ተኝታለች። ደረቷ ይወጣል ይወርዳል። ቆሜ ትንፋሽዋን ሰማሁ።

ስልኩ ጮኸ፤ ሮጬ አነሳሁት። ሎረል ናት። እማዬን አቅርባት አለችኝ። ተኝታለች ስላት፣ በዚህ ሰዓት ብላ ደነገጠች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ከወደቅክ ጀምሮ እኮ ሌሊቱን አልጋ ላይ ተኝታ አታውቅም» አለችኝ። «እንቅልፍ ሲወስድህ ወንበር ስባ ካንተ አጠገብ ነበር የምታድረው፤ ሊነጋ ሲል ብቻ አልጋው ላይ ጋደም ትላለች። እንዳትነግረው ብላኝ ነው።»

ወንበሩ አሁንም እዚያው ነው፣ በአልጋው በእኔ በኩል። ልብስ የምትሰቅልበት ይመስለኝ ነበር።

ልቀስቅሳት ወይ አልኳት ሎረልን። ኧረ በፍጹም አለች።

በእግሬ ጣቶች ተመልሼ ሄጄ መጋረጃውን ሳብ አደረግኩት፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዳያርፍ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ትንፋሽዋ በሚሰማበት ርቀት ላይ ተቀመጥኩ።